ከቦርከና ራስጌ እስከ ጨፋ ሜዳ፦ የዶክትሬት ትምህርታችን ዘላቂ ልማትን የት አስቀመጠው?

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሲደርስ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት ለዮሌና ወርቃ ይገቡበታል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ በከሚሴ በኩል ያልፍና ጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለላል፤ ረግረጉን አጥግቦ የተረፈው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደሴ የጣለችውን፣ ኮምቦልቻ ያፈሰሰችውን፣ ከደጋው ተጠርጎ የወረደውን አፈር ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚቀበለው የጨፋ ሮቢት ገበሬና ከብቱን እየነዳ የመጣው አርብቶ አደር ነው።

ይህ ውኃ ተመራማሪ አጥቶ አያውቅም። የአፈር ባለሙያው ራስጌው ላይ መለኪያ ተክሏል። የውኃ ጥራት አጥኚው ኮምቦልቻ ላይ ናሙና ቀድቷል። የሥነ ሕይወት ባለሙያው ጨፋ ላይ ወፍ ቆጥሯል። የአርብቶ አደር ኑሮ አጥኚውም የበጋውን የከብት ጉዞ ተከትሏል። የየራሳቸው ሥራ ጥሩ ነው። ችግሩ አንዱ የሌላውን አለማየቱ ነው። ወንዙ አንድ ሆኖ ሳለ ዕውቀቱ በየትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተበታትኗል።

«ዘላቂ ልማትን በዶክትሬት ትምህርት ውስጥ ማካተት» የሚለው ጉዳይ በየስብሰባው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አንድ ተጨማሪ ኮርስ ነው። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ፣ አሥራ ሰባቱ የዓለም ግቦች በስላይድ፣ መጨረሻው ላይ ፈተና። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው። ርዕሱማ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከገባ ቆይቷል፤ ዛሬ ፕሮፖዛሉ ላይ «ዘላቂ» የሚል ቃል ያላስገባ ዕጩ ዶክተር ብርቅ ነው። ያልገባው አሠራሩ ነው። ጥያቄው ከማን ይመጣል፣ ጥናቱ ስንት ዓመት ይዘልቃል፣ ውጤቱ ለማን ይመለሳል፣ ተማሪውስ በምን ይመዘናል?

የዘላቂ ልማት ሐሳብና የአገር ውስጥ ዶክትሬት የአንድ ዓመት ልጆች መሆናቸው ይገርማል። በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ሐሳብ ለዓለም ያስተዋወቀበትን ዘገባ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የማስተርስ ትምህርቱ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ ነበር። ወቅቱ ደግሞ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ማግስት ነው። ወሎ ከሞት ገና እየተነሣች ነበር። አገር ውስጥ የሚሰጥ የመጀመሪያው የዶክትሬት ትምህርት እዚያ ረሃብ ደጃፍ ላይ ተወልዶ፣ ደንቡና ሥርዓቱ ግን ከረሃቡ ጋር እምብዛም ሳይነጋገር አደገ። አማካሪ፣ ኮርስ፣ ፕሮፖዛል፣ ጽሑፍ፣ መከላከያ፦ ቅርጹ የተወሰደው ከውጭ ነው፤ አላማርርም፣ መጀመሪያ እንዲህ መሆኑ ግድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቁጥር ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ሲበዛ መምህር አነሰ። ለመምህራን ስብጥር 0፡70፡30 የሚባል ቀመር ወጣ፤ ማለትም የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው መምህር ከናካቴው እንዳይኖር፣ ሰባ በመቶው ሁለተኛ፣ ሠላሳ በመቶው ሦስተኛ ዲግሪ እንዲኖረው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በነበረበት ዘመን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች አማካሪና ላቦራቶሪ እየተጋሩ አገር ውስጥ ዶክተር የሚያፈሩበት የትብብር መርሐ ግብር ተጀመረ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው ነገሩ፤ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ግቡ ሁልጊዜ የሚነገረው በራስ ቁጥር ነው። ስንት ዶክተር? ስለ ምን? ለማን? የሚለው ጥያቄ ከቀመሩ ውስጥ የለም።

ወደ ጨፋ እንመለስ፤ ነገሩ የሚጠራው እዚያ ነው።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለው የጨፋ ረግረግ ለአካባቢው ሰው የመኖ ባንክ ነው። በበጋ ቆላው ሲደርቅ አፋሮች ከምሥራቅ፣ የዞኑ ኦሮሞዎችና አርጎባዎች፣ አማሮችም ከየአቅጣጫው ከብታቸውን ወደዚህ ያመጣሉ። ከሃያ ዓመት በፊት በነበረው የድርቅ ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ዘገባ ጨፋ የ50,000 አርብቶ አደርና የ200,000 እንስሳት መጠለያ ተብሎ ተገልጿል። ይህን ያህል ሕይወት በአንድ ሜዳ ላይ የተከመረው ሜዳው ስለሰፋ አይደለም፣ ሌላው ስለጠበበ እንጂ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ሸለቆ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ የተከለለው መሬት ለአፋር ከብት የበጋ ግጦሽ ነበር። ጨፋም ራሱ በየጊዜው ቦይ እየተቀደደ ለእርሻ ሲነጠቅ ኖሯል። ዛሬ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማሾው ረግረጉን ከየጠርዙ እየገፋ ነው። ገበሬው ጥፋተኛ አይደለም፤ ልጅ ይመግባል። አርብቶ አደሩም ጥፋተኛ አይደለም። ሁለቱ የሚጋጩት ለሁለቱም የማይበቃ ውኃና ሣር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ዓለም አቀፍ የሥነ ምኅዳር ጆርናል የታተመ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት የጨፋን ጤንነት በውኃ ውስጥ ነፍሳትና በወፎች ለክቷል። ዘዴው ብልኅ ነው። ውድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሳይጠይቅ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ነፍሳት የት እንዳሉና የት እንደጠፉ ታያለህ፤ ነፍሳቱ ራሳቸው ይነግሩሃል። ልቅ ግጦሽ፣ ዕፅዋት ማጽዳትና ቦይ ማውጣት በበረታበት ቦታ የነፍሳቱም የወፎቹም ዓይነት አንሶ ተገኘ። ይህን ዘዴ የከሚሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ በአንድ ሳምንት ሊማረው ይችላል። ነገር ግን ጽሑፉ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ በደንበኝነት በሚነበብ ጆርናል ነው።

ሁለተኛው ጥናት ከላይ ከኮምቦልቻ ይመጣል። በኔዘርላንድስ ዴልፍት በሚገኘው አይ ኤች ኢ የውኃ ትምህርት ተቋም የሠራ ኢትዮጵያዊ ዕጩ ዶክተር የለዮሌንና የወርቃን ውኃ በክረምት ወራት እየቀዳ መረመረ። የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የሥጋና የብረት ፋብሪካዎች የሚለቁትን ፍሳሽ ከእርሻና ከከተማ ከሚታጠበው ጋር አነጻጸረ። ከቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም፣ ከብረቱ ዚንክ ከፍ ብሎ ተገኘ። ለዳሰሳችን ትልቁ ነገር ግን ከኬሚስትሪው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሕግ ካለ ፍሳሹ ለምን አይቆምም ብሎ ጠየቀ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ወንዙን በየጊዜው የሚለካ የሰው ኃይልና መሣሪያ የለም። በአንድ የዶክትሬት ጥናት ውስጥ የኬሚስትሪ ሠንጠረዥና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ጎን ለጎን ቀረቡ። እኔ ዘላቂ ልማትን ያካተተ የዶክትሬት ሥራ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ታዲያ ሁለቱን ጥናቶች ያገናኘ አለ? ከላይ የተለቀቀው ክሮሚየም ታች ጨፋ ላይ ከብቱ በሚጠጣው ውኃ፣ በሣሩ፣ በወተቱ ምን ያህል ይደርሳል የሚለው ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ለዚህ ኬሚስት ብቻውን አይበቃም፣ የእንስሳት ሐኪም ብቻውን አይበቃም፤ አፋርኛና ኦሮምኛ የሚሰማ የማኅበራዊ ጥናት ሰውም ያስፈልጋል። የዶክትሬት ደንባችን ግን ተማሪውን ለአንድ ትምህርት ክፍል ያስገዛዋል፤ አማካሪው ከዚያው፣ የውጭ ፈታኙም ከዚያው ሙያ ነው። የጨፋ ጥያቄ በየክፍሉ በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ይውላል።

ነገሩን በሰፊው ዓለም ብናየው ከእኛ የቀደሙትም በቀላሉ አልተሻገሩትም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2006 የከፍተኛ ትምህርት ሕጓን አሻሽላ ዩኒቨርሲቲዎች በሥራቸው ሁሉ ዘላቂ ልማትን እንዲያራምዱ አስገደደች። ከአሥር ዓመት በኋላ የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ባለሥልጣን 47 ተቋማትን ሲገመግም ሥርዓቱን በሚገባ ዘርግተዋል ያላቸው 12ቱን ብቻ ነበር። ሕግ፣ ገንዘብና ሰላም ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ አንድ መመሪያ በማውጣት ይሆናል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

አውሮፓውያኑ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ሳልዝቡርግ ላይ የተስማሙባቸው የዶክትሬት መርሆዎች ደግሞ የሚጀምሩት የዶክትሬት ዋና ነገር በጥናት አዲስ ዕውቀት ማፍለቅ ነው በሚል ነው። ትክክል ናቸው። ዕጩ ዶክተር የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት አስፈጻሚ አይደለም። «ተግባራዊ ጥቅሙ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በጣም ሲጠብቅ ምርምሩን ያንቀዋል፤ ተማሪው ያልታወቀውን መጠየቅ ትቶ የታወቀውን ችግር ደግሞ «አሳሳቢ ነው» የሚል መደምደሚያ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷል።

ሆኖም አዲስነትና ጠቃሚነት ጠላት አለመሆናቸውን የኛው ሰዎች አሳይተዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዶክትሬታቸውን ይዘው እንደተመለሱ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶች ለዘመናት ያጠቡበትን ፍሬ የሳይንስ ጥያቄ አደረጉት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ደግሞ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማራባታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። አቀንጭራ ለቆላ የማሽላ ገበሬ ምን እንደሆነ ለጨፋ ሮቢት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሁለቱም ጥያቄ የመጣው ከወንዝ ዳርና ከማሳ ነው፤ የሁለቱም መልስ የጠራ ሳይንስ ነው። ሁለቱም ግን ዶክትሬታቸውን የያዙት ከውጭ ነው። ከእነርሱ የምማረው ቁም ነገር ወዴት ማየት እንዳለብን ነው፤ ሥርዓቱን የምንማረው ከሌላ ቦታ ነው።

ሥርዓቱን የምንማረው ከዚሁ ከወሎ ነው። ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ማይባር የሚባል ሐይቅ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያ ነበር። መሥራቹ ሃንስ ሁርኒ ከዚያ ቀደም በስሜን ተራሮች ያጠኑ የመልክዓ ምድር ሰው ናቸው። ከማይባር በኋላ ሰሜን ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ላይ አንጀኒ፣ ሌሎችም ተከተሉ። የማይባሩ ተፋሰስ 113 ሔክታር ገደማ የምትሆን ትንሽ ሸለቆ ናት። ሥራው አሰልቺ ነው፦ ዝናብ ሲዘንብ መለካት፣ ጎርፍ ሲመጣ በጠርሙስ መቅዳት፣ ደለሉን አድርቆ መመዘን፣ የእርሻውን ምርት መመዝገብ። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። ዶክተሮቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ መዝገቡ ይቀጥላል።

የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ ከሔክታር 42 ቶን አፈር ያጣል የሚለው፣ በየመንግሥት ሰነዱ የምናነበው ቁጥር የመጣው ከእነዚህ ጣቢያዎች ሥራ ነው። በማይባርና በእኅቶቿ መረጃ ላይ ተመሥርተው ኢትዮጵያውያንም የውጭ ሰዎችም የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፎችን ሠርተዋል። አንድ ዕጩ ዶክተር ከባዶ አይጀምርም፤ ከእርሱ በፊት የተለካ አለ፣ ከእርሱ በኋላም የሚለካ ይኖራል። አራት ዓመት የሚፈጅ ዶክትሬት ሠላሳ ዓመት የሚፈጀውን የአፈር ታሪክ ሊያይ የሚችለው እንዲህ ባለ ቦታ ብቻ ነው። የዘላቂነት ጥናት በሁለት የመስክ ጉዞ ናሙና አይሠራም፤ በጋ ላይ ብቻ ሄዶ የተመለሰ ሰው ጨፋን አላየም።

የማይባር ታሪክ ግን እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። የስዊሱ ድጋፍ ሲቀንስና ጣቢያዎቹ ለአገር ውስጥ ተቋማት ሲተላለፉ የመረጃው ሰንሰለት ላላ፤ በየመካከሉም ክፍተት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በበርን ትብብር የተቋቋመው የውኃና የመሬት ሀብት ማዕከል ጣቢያዎቹን ለማነቃቃት ተነሣ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መራራ ነው። የዝናብ መለኪያውን በየማለዳው የሚያነብ ሰው ደመወዝ በአገር በጀት ካልተያዘ፣ የዶክትሬት ትምህርታችን መሠረት በሌላ አገር ፓርላማ ውሳኔ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ለአንድ አዳራሽ ግንባታ የሚወጣው ገንዘብ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን ስንት ዓመት ያኖር እንደነበር እያሰብኩ አንዳንዴ እበሳጫለሁ።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ሥራ ከጨፋ በስተምሥራቅ አፋር ላይ ነው። በአካባቢው «ወያኔ ዛፍ» የሚባለው ፕሮሶፒስ የአፋርን ግጦሽ እየዋጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በስዊስ ድጋፍ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተካሄደው የዚህ አረም ጥናት ፕሮጀክት ዕጩ ዶክተሮችን በቡድን አሠለፈ። አንዱ ዛፉ የያዘውን መሬት በሳተላይት ለካ፤ ሌሎች ውኃ መምጠጡን፣ በኑሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ ከሰሉ የሚያስገኘውን ገቢ አዩ። ዛፉ አፋር ክልል ውስጥ በ35 ዓመት 1.17 ሚሊዮን ሔክታር ያህል እንደወረረ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የፕሮሶፒስ ስትራቴጂ አወጣች። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጽሑፍ ጽፎ የራሱን ዲግሪ ተቀብሏል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነበር። ጨፋን ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል፤ አፋር ላይ ሣር ሲጠፋ ከብቱ የሚሄደው ወደ ቦርከና ነው።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ባስጀመራቸው 24 የልኅቀት ማዕከላት ውስጥ ኢትዮጵያ አራት አግኝታለች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውኃ አስተዳደር፣ ሐረማያ ደግሞ ለአየር ንብረት የሚስማማ ግብርናና የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ማዕከል ከፍተዋል። ከሌሎች አገሮች ተማሪዎችም መጥተዋል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ውጤት ሲታይ ነበር፦ የተመዘገበ ተማሪ፣ የታተመ ጽሑፍ፣ የተግባር ልምምድ፣ ከውጭ የተገኘ ገቢ። ይህ ዘዴ ተቋማቱን እንዳነቃ አልክድም። ሆኖም የሚቆጠረው ነገር ሥራውን ይመራዋል። የወንዝ ዳር ሰዎች ውጤቱን ሰምተው ምን አሉ የሚለው ለመቁጠር ስለማይመች ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ይኸው ችግር በየዩኒቨርሲቲያችን የዕድገት መመሪያ ውስጥ አለ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ዕውቅና ባለው ጆርናል የወጣ ጽሑፍ ይቆጠራል። የኮምቦልቻን ፍሳሽ መጠን ለከሚሴ አስተዳደር በኦሮምኛ አዘጋጅቶ ማቅረብ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚለው ቀጭን ረድፍ ውስጥ ይወድቃል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መማር ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ሦስት ተልእኮ አድርጎ ያስቀምጣል። ሦስቱ በተለያየ ሚዛን ሲመዘኑ ግን ዕጩ ዶክተሩ ለየትኛው እንደሚሮጥ የታወቀ ነው። ተማሪውን አልወቅስም፤ ቤተሰብ አለው፣ አበሉ ከኪራይ አያልፍም፣ ለመስክ የሚሰጠው ገንዘብ ለነዳጅ አይበቃም።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት የመረጃ ልውውጥ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ በሽታ የት እንደገባ ይነጋገራሉ። ወሬውን ማን እንዳየውና ማን እንደሰማው ይጣራል፤ የተቀበለውም ለሌላው የማድረስ ግዴታ አለበት። ከኛ የጆርናል ገምጋሚዎች ሥርዓት የሚለየው በፍጥነቱና ውጤቱን ለባለቤቱ በማድረሱ ብቻ ይመስለኛል። በጨፋ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ይህን ሥርዓት እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ሳይሆን ውጤቱን መመለሻ መንገድ አድርጎ ቢይዘው ብዙ ይተርፋል። በዞኑ ውስጥ የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ገበያው አማርኛም ይናገራል፤ በጋ ላይ አፋርኛ ይጨመራል። ጽሑፉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፣ መከላከያውም በእንግሊዝኛ ነው። የዓለም ሳይንስ ቋንቋ ነውና ይሁን። በሦስቱ ቋንቋዎች የሚነበብ ወይም የሚሰማ ጥቂት ገጽ ማጠቃለያ ግን ከመከላከያው በፊት መቅረብ ያለበት ግዴታ ቢሆን ማንንም አይጎዳም።

ስለ ሰላም ሳይወራ ስለ መስክ ሥራ ማውራት አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ከሚሴና አካባቢዋም ከዚያ በፊትና በኋላ በግጭት ታምሰዋል። የተሰበረ መሣሪያ ይተካል፤ የጠፋ የናሙና መዝገብ አይተካም። በመስክ ላይ ያለ ተማሪ መንገድ ሲዘጋበት ርዕስ ይቀይራል፣ ወይም ቢሮ ቁጭ ብሎ በሳተላይት ምስል ብቻ ይሠራል። የዚህ ዘመን የዶክትሬት ጽሑፎች ላይ ወደፊት የሚታይ ጠባሳ ይህ ነው።

የተቋማት አደረጃጀቱስ? ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልእኮ ሲለይ ስምንቱን የምርምር አድርጓቸዋል፦ አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና መቐለ። በወሎ አንድም የለም። ልዩነቱ በመርህ ደረጃ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ይሥራ ማለት ሁሉም ምንም አይሠራም ማለት ነው። ነገር ግን ለቦርከና ቅርብ የሆነው ዩኒቨርሲቲ መስክ አቅራቢ፣ ሩቁ ደግሞ ዲግሪ ሰጪ ሆነው እንዳይቀሩ እፈራለሁ። የጋራ አማካሪነት ለዚህ መድኃኒት ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ አንድ፣ ከወሎ አንድ፣ ከዞኑ የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች አንድ ሰው በአንድ ኮሚቴ ይቀመጡ። ሦስተኛው ሰው ዶክተር ባይሆንም ድምፁ በፕሮፖዛሉ ላይ ይቆጠር። ይህ የሚያስቀይማቸው ፕሮፌሰሮች እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

ስለ ኮርሱ ጉዳይ በአጭሩ፦ ይኑር፣ ግን ከክፍል ይውጣ። ከተለያየ ክፍል የመጡ የመጀመሪያ ዓመት ዕጩ ዶክተሮች ወደ አንድ ተፋሰስ አብረው ይሂዱ፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ አጥር እስከ ጨፋ ረግረግ ድረስ ወንዙን ይከተሉ፤ ጥያቄያቸውን ከዚያ በኋላ ይጻፉ። ፕሮፖዛል ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚደረግ የመስክ ጉብኝት ማረጋገጫ ፍለጋ ነው። ከዚያም የቀዱት መረጃ ጽሑፋቸው ሲያልቅ በላፕቶፓቸው አይቅር፤ ለሚቀጥለው ተማሪ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ይቀመጥ። ማይባር ያስተማረችን ይህንኑ ነው።

ለወሎ፣ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በሚቀጥለው የቅበላ ዘመን ከምታጸድቋቸው ርዕሶች አምስቱን ለቦርከና መድቡ፤ ለአምስቱም አንድ የጋራ የመስክ ቦታ፣ አንድ የጋራ መዝገብ፣ አንድ የጋራ ኮሚቴ ስጧቸው። አንዱ ወተቱን ይመርምር፣ አንዱ ደለሉን ይመዝን፣ አንዱ የፋብሪካውን ፈቃድ ይመርምር፣ አንዱ የበጋውን ግጦሽ ስምምነት ያጥና፣ አንዱ ወፎቹን ይቁጠር። ውጤቱንም አዳራሽ ከመግባታችሁ በፊት ጨፋ ሮቢት ገበያ ቀን ላይ ሄዳችሁ ንገሩ።